እስከ ምልክቱ

መስታወቱ ጥግ ላይ ነጭ ፕላስተር አለ፣
በወንድሜ እስክሪብቶ መስመር የተሳለ፤
«ውሃው ከዚህ ሲወርድ
አንቺ ትሞያለሽ» ብሎኝ ወጣ መርዕድ፣
ተሳቢውን ይዞ ወደ ጅቡቲ መንገድ።

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት በሌለበት፣
የቧንቧ ውሃ እሮብ ሌሊት ብቻ በሚመጣበት፣
ባሕር እጠብቃለሁ፣
ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ርዝመት።

ሁለት ዓሣ ናቸው፤ ብርቱካን መልካቸው፣
ሦስት ሦስት ነጭ መቀነት ያላቸው፤
በፎም ሣጥን አድርጎ፣ ጋቢና ውስጥ ታቅፎ፣
ያመጣቸው እሱ ነው፣ የአፋርን ሐሩር አልፎ።

የኛ ሰማይ ደረቅ ነው። የጥር ነፋስ ሌባ ነው፤
በሁለት ቀን አንድ ጣት ከላይ የሚሰርቀው።
ታዲያ ሌባው ይመርጣል፦
ውሃውን ይወስዳል፣
ጨዉን ይተዋል።

ይህን ሳላውቅ በፊት፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣
«ባሕር ቢጎድል በባሕር ነው» ብዬ በሞኝነት፣
ከጨው ከረጢቱ በጥብጬ ሞላሁበት፤
ደግሜ ሞላሁበት።
በአምስተኛው ቀን ዓሣዎቹ ጥግ ይዘው
ዳገት እንደ ወጣ ሰው ያለከልካሉ።

ደወልኩ። ሚሌ ላይ ነበር፣ ጎማ እየቀየረ፤
መጀመሪያ ዝም አለ፣ ቆይቶ ተናገረ፦
«ጨው የትም አይሄድም።
የሚሄደው ውሃ ነው። የሄደውን ብቻ ሙይ፤
የቀረውን አትድገሚ።»
ይህን ምክር በትዳሬ ዘመን በሰጠኝ ብዬ አሰብኩ፤
መስመሩ ተቆረጠ፤ ወደ ማጣሪያው ተመለስኩ።

ማጣሪያው ሦስት ነጭ ቱቦ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣
ከአራት ጄሪካን ሦስቱን ወደ ባልዲ እየጣለ
አንዱን ብቻ ያነጥራል፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ።
መለኪያዋን እነክራለሁ፤
ዜሮ ካለች አምናለሁ።

ይህን የሰሙ ዕለት ወይዘሮ ሸጊቱ፣ ከምድር ቤት፣
ደረጃው ላይ ጠበቁኝ፣ ባዶ ጄሪካን በእጃቸው፦
«እኛ ለልጅ እያጣን፣
አንቺ ለዓሣ ታጣሪያለሽ አሉ፤
ያውም ውሃ ውስጥ ላሉ!»
መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።
የተጣለውን ውሃ ግን እያወረድኩ እሰጣቸዋለሁ፤
ልብስ ያጥቡበታል፤ ወለል ይወለውሉበታል።
አያመሰግኑኝም። ባልዲውን ብቻ
በሬ ላይ አገኘዋለሁ፣ ታጥቦ፣ ተገልብጦ።

ሚያዝያ ላይ ውሃ ጠፋ። አንድ እሮብ፣ ሁለት እሮብ።
ቧንቧው ሲከፈት አፏጨ፣ አንዴ ሳለ፣ ዝም አለ።
ያጠራቀምኩትን ጨረስኩ። ምልክቱ ከላይ ቀረ፤
በመስታወቱ ጠርዝ ነጭ ነገር ይጋገር ጀመረ፣
ልክ እንደ መርዕድ ሸሚዝ፣ ከመንገድ ሲመጣ፣
ጀርባው ላይ ላቡ ደርቆ የጨው ካርታ ያወጣ፤
ስንት ጊዜ አጥቤለታለሁ፣
ከየት እንደ መጣ ሳልጠይቀው።

ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ዘነበ።
ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ሸጊቱ፣
ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ርሶ፣
የልጅ መታጠቢያ ሳፋ ታቅፈው፣
ሲሶው ደረጃው ላይ ፈሶ።
«የቆርቆሮ አይደለም» አሉ፣ ትንፋሻቸው ሳይመለስ፤
«ግቢው መሃል ነው የደቀንኩት፤ ከሰማይ ቀጥታ።»

መለኪያዋን ነከርኩ። ስምንት።
ዜሮ አይደለም። መርዕድ ምን ይል ይሆን?
አልደወልኩም።

በብርጭቆ እየቀዳሁ፣ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ፤
እሳቸው ጎንበስ ብለው፣ ጣታቸው ፕላስተሩ ላይ፣
በሹክሹክታ ይቆጥራሉ።
አንዱ ዓሣ ወደ ጣታቸው መጣ።
«ያየኛል እንዴ ይኼ?» አሉ፤
መልሴን ሳይጠብቁ ቆጠራቸውን ቀጠሉ።

ሠላሳ ስምንተኛው ብርጭቆ ላይ
«ቁሚ» አሉኝ።